የአያቴ ባዶ ደረት

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሥራው ያስለመደኝ አንድ ጠባይ አለ፤ የተጻፈ ነገር ሁለቴ ካላነበብሁ አላምንም። ሐኪሙ የጻፈውን አነባለሁ፣ ብልቃጡን አነባለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ ወረቀቱን አያለሁ። ወረፋ የያዘ ሰው ሲሰለቸው፣ "እህቴ፣ ዳዊት እየደገምሽ ነው እንዴ?" ይለኛል። "ዳዊትማ ቢሆን በቃሌ በወጣሁት። ይኼ የሰው እጅ ነው" እለዋለሁ።

እናቴ የአባቷን መቃብር ለማሠራት ስትነሣ አስቀድማ ለእኔ የደወለችው ይህን ጠባዬን ስለምታውቅ ይመስለኛል። የምትኖረው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለው የትውልድ መንደሯ ነው። የመንደሩ ሰው ድንጋይ ጠራቢ እያመጣ የወላጆቹን መቃብር ሲያሳምር አይታ፣ እሷም ተራዋ እንደ ደረሰ ወስናለች።

"ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን አንቺ ጻፊልኝ" አለችኝ። "ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ማረፉን። አርበኛ የሚለው ግን እንዳይቀር፣ አደራ።"

"እማዬ፣ አርበኛ መሆናቸውን በምን እናውቃለን?" አልኋት።

"ኔትወርኩ ነው ወይስ ጆሮዬ? ምን አልሽኝ?" አለች። እንደ ሰማችኝ ግን አውቄአለሁ።

እናቴ አባቷን አታስታውሰውም። ሲሞት ገና ጡት መጣሏ ነበር። ስለ እሱ የምታውቀው በወሬ ነው፦ በጣሊያን ጊዜ ፈረሱን ይዞ ዱር እንደ ገባ፣ ጠላት ሲወጣ እንደ ተመለሰ፣ በኋላም ኒሻን እንደ ተሰጠው። ኒሻኑን ግን ያሳያት ሰው የለም። ልጅ ሳለች ውኃ መቅጃው ላይ ከጎረቤት ልጅ ጋር በወረፋ ተጣሉ። ልጅቱ፣ "የእኔ አባት ደረቱ ላይ ኒሻን አለ፤ የአንቺ አባት ደረት ግን ባዶ ነው። የአርበኞቹ ፈረስ ድርቆሽ ተሸካሚ ነበር!" አለቻት። እናቴ የልጅቱን እንስራ በድንጋይ ሰበረችው። ቤት ስትገባ ተገረፈች።

"ለግርፋቱ አይደለም ያለቀስሁት" ትላለች እስከ ዛሬ። "የምመልስላት ነገር ስላልነበረኝ ነው።"

ያቺ ልጅ ዛሬም ጎረቤቷ ናት። ሁለቱም አርጅተዋል፤ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ፤ ቅዳሴ ሲቆሙ ጎን ለጎን ነው። ቂም የለም። ቃሉ ግን እናቴ ልብ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ነው።

ነገሩን ያከበደው ደግሞ የደብሩ አለቃ ትእዛዝ ነበር። አለቃው የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው። አንዳንድ ሰው አባቱ በሕይወት ሳሉ ያልነበራቸውን ማዕረግ መቃብራቸው ላይ እየደረደረ ስላስቸገራቸው፣ "ምስክር የሌለው ማዕረግ በዚህ ግቢ አይጻፍም። ሙታን አይዋሹም፤ እኛም በስማቸው አንዋሽ" ብለው አውጀዋል። እውነት ለመናገር እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርሁ። ብልቃጥ ላይ የተሳሳተውን ነገ አርመዋለሁ። መቃብር ላይ የተጻፈ ውሸት ግን ማን ያርመዋል?

ስለዚህ የዓመት ፈቃዴን በጥር ወሰድሁና ተነሣሁ። በመንገዴ አዲስ አበባ አድሬ፣ የጥንት አርበኞችን ጉዳይ የሚያውቁ ሽማግሌ አሉ ወደ ተባልሁበት ቢሮ ሄድሁ። ሽማግሌው የአያቴን ስም ነግሬያቸው ፊታቸው አልፈታ አለ።

"በፈረስ ስማቸው ማን ይባሉ ነበር?" አሉኝ።

አላውቅም ነበር። እዚያው ሆኜ ለእናቴ ደወልሁ። ነገረችኝ። ስሙን ስደግምላቸው ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ "ይኼ ነው የሰው ስም!" አሉ። በመዝገቡ ፈልገው ፈልገው ግን አጡት። "አይዞሽ ልጄ" አሉኝ ሲሸኙኝ። "ያን ጊዜ ሰው ኒሻኑን ተቀብሎ ወደ እርሻው ነው የሮጠው። ልመዝገብ ብሎ የቆመ ስንት አለ? እዚህ አልተገኘም ማለት አልነበረም ማለት አይደለም። ቤታችሁን ፈትሹ።"

እንጅባራ ስደርስ ብርዱ አጥንቴን አገኘው። የድሬዳዋ ሰው ሆኛለሁ፤ የለበስሁት ነጠላ ለዚያ አገር ምንም ነው። እናቴ በቀርከሃው አጥር በር ላይ ጋቢ ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ሳትስመኝ በፊት አለበሰችኝ።

ቤታችንን ብንፈትሽ የሚፈተሽ አልነበረም። አያቴን ዓይቶ የሚያስታውስ በሕይወት ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ። ሰማንያን አልፏል፤ ቁመቱ ግን አልጎበጠም። በአገሩ የሚታወቀው በቃሉ ነው። ሰው በተካሰሰ ቁጥር ለምስክርነት ይጠሩታል፤ ካየው አይጨምርም፣ አይቀንስም። አንድ ጊዜ፣ "ይህ በሬ የእሱ ነው ወይ?" ብለው ጠየቁት አሉ። "ከእሱ ማሳ ሲያርስ አይቻለሁ። የማን እንደ ሆነ ግን በሬው አልነገረኝም" ብሎ መለሰ ይባላል።

እንዲህ ያለ ሰው ከመሰከረ ማን ይጠራጠራል? እናቴ በደስታ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሦስታችን ወደ ደብሩ ሄድን። አለቃው ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ተቀበሉን። መስቀል ተሳለምን። እሳቸውም ወደ አጎቴ ዞረው፦

"እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነህ። አባትህ ኒሻን ነበራቸው ይባላል። አላቸው ወይስ የላቸውም?" አሉት።

አጎቴ ዱላውን መሬት ላይ ተከለና፣ "አባቴ ኒሻን የለውም" አለ።

እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። አለቃው በሐዘኔታ አይተዋት፣ "እንግዲያስ ስማቸው ብቻ ይጻፍ። ስምም ክብር ነው" አሉ።

በመንገድ ላይ እናቴ ቀድማ ሄደች። እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ "አባባ፣ የሚያውቁት ነገር ካለ ንገሩኝ እንጂ" አልሁት። አጎቴን ከልጅነቴ ጀምሮ አባባ ነው የምለው።

"ተጠየቅሁ፣ መለስሁ" አለኝና ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሄደ።

እናቴ የዚያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ድንች ልጣ ቀቀለችልኝ፤ እሷ ግን አልነካችውም። አጠገቧ ስቀመጥ፣ ለእኔ ሳይሆን ለምድጃው እንደምትናገር ሆና፣ "ድርቆሽ ተሸካሚ" አለች። ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ ስጨርስ ደግሞ ሌላ ሰው ሆና አገኘኋት።

"ዳንግላ ፎቶ አለ" አለችኝ። "የመካከለኛው ወንድሜ ሚስት ጋ። አባቴ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ዓይኔ ደክሟል፤ አንቺ ሄደሽ ደረቱን እዪልኝ። ባዶም ከሆነ ባዶ ነው በዪኝ።"

በሚኒባስ ዳንግላ ወረድሁ። ከመናኸሪያው ባጃጅ ልይዝ ስል አንድ ባለ ጋሪ፣ "እህታለም፣ ባጃጅ ያደርስሻል፤ ጋሪ ግን እያጫወተ ያደርስሻል" ብሎ አሳቀኝና በጋሪ ሄድሁ። የመካከለኛው አጎቴም በሕይወት ሳለ ጋሪ ነጂ ነበር። ሚስቱ ቀልደኛ ናት። ገና ከበር ሳለሁ፣ "መጣሽ? የድሬዳዋ ፀሐይ ጨርሶ ሳያጠቁርሽ!" ብላ አቀፈችኝ።

ፎቶው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱሳን ሥዕሎች ዝቅ ብሎ ተሰቅሎ ነበር። አያቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጢሙን ያሳደገ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ደረቱ ላይ ምንም የለም።

"ባዶ ነው አይደል?" አለች ሴትዮዋ ከኋላዬ። "እኔም ስንቱን ዓመት አየሁት። ኒሻን ኒሻን ሲሉ እሰማለሁ፤ ከየት ይምጣ?"

ልመለስ ስል ልማዴ ያዘኝና እንደገና አየሁት። ከራስ ፀጉሩ ጀምሬ ወደ ታች ወረድሁ። ግራ እጁ ከጎኑ ወድቋል። ቀኝ እጁ ግን ወደ ውጭ ተዘርግቶ፣ የእጅ አንጓው ጋ ሲደርስ የክፈፉ ጠርዝ ቆርጦታል።

"እትዬ፣ ቀኝ እጃቸው የት ደረሰ?" አልኋት።

"እሱማ ፈረሱን ይዞ ነው።"

"የትኛውን ፈረስ?"

"ከኋላ አለ። አጥፌው ነው" አለች፣ መጋረጃ አጠፍሁ እንደማለት።

"ለምን አጠፉት?"

"አንቺ ልጅ! ባሌ ጋሪ ነጂ ነበር። ቀኑን ሙሉ የፈረስ ጭራ ሲያይ ውሎ፣ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ከግድግዳ ፈረስ ልስቀልለት? ዳንግላ ውስጥ ፈረስ ሥራ ነው እንጂ ጌጥ ነው እንዴ? ክፈፉም ጠባብ ነበር፤ ሰውየውን አስገባሁ፣ ፈረሱን ወደ ኋላ አጠፍሁት።"

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ዘንገና አካባቢ ይህን ቢሰሙ ይጣሏታል። እዚያ በዓመት አንድ ጊዜ ፈረሰኛ ሁሉ አጊጦ ሜዳ የሚወጣበት አገር ነው፤ ሰው ከሞተም ፈረሱ ተሸልሞ ለቅሶው ላይ ይቆማል። ፈረስን ከጌታው ፎቶ አጥፎ የሚያስቀር የጋሪ አገር ሰው ብቻ ነው።

ክፈፉን አወረድን። ምስማሩን በቢላ ጫፍ ነቀለችልኝና ፎቶውን ቀስ አድርጌ ዘረጋሁት። እጥፋቱ የነበረበት ቦታ ነጭ መስመር ሆኖ ተሰንጥቋል። ከመስመሩ ወዲያ የአያቴ ቀኝ እጅ ልጓም ይዟል፣ ከልጓሙ በላይ የፈረስ ራስ አለ። የፈረሱ ግንባር ላይ፣ ከሁለቱ ዓይኖቹ በላይ፣ ከአጭር ጥብጣብ የተንጠለጠለ ክብ ነገር ይታያል። ከላዩ ዘውድ አለው።

ወደ መስኮቱ ወሰድሁት። ሁለቴ አየሁት። ዘውድ ነው።

"እኔ እኮ የፈረስ ጌጥ መስሎኝ ነው" አለች ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ወዲያው ደግሞ፣ "ውሰጂው፤ ሁለቱንም ውሰጂያቸው" ብላ ፎቶውን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ስመለስ አጎቴ ግቢው ውስጥ ፈረሱን እያሸ ነበር። የፈረሱ በዓል ደርሷል፤ ልጁ የሚጋልበው ዳማ ፈረስ ነው። ጌጡ ሁሉ አጥሩ ላይ ተዘርግቷል፤ የኮርቻው ልብስ ግላሱ፣ የልጓሙ ጠፍር ዛቡ፣ ቀዩ የሱፍ ዘርፍ። ፎቶውን ዘረጋሁና ጣቴን ፈረሱ ግንባር ላይ አኖርሁ።

"አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?"

ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየ። "ኒሻን ነው" አለ።

"የማን?"

"የፈረሱ።"

እንደ ቀልድ አላለውም። ፈረሱን ማሸቱን ትቶ ግንድ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። አያቴ ዱር ሳለ ጭኑን ተመትቶ ደም ሲፈስሰው፣ ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ጠላት ከኋላ ነው። ከኮርቻው ላይ ተደፍቶ ራሱን ሲስት ፈረሱ ማንም ሳይመራው ወንዙን ዋኝቶ ወገን ያለበት አደረሰው። ጠላት ወጥቶ ኒሻኑ ደረቱ ላይ ሲሰካለት፣ አያቴ ተቀብሎ አገሩ መጣ። ሰው ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ይጠብቀው ነበር። ከፈረሱ ወረደ፤ ኒሻኑን ከደረቱ ፈታው፤ በሕዝብ ፊት ፈረሱ ግንባር ላይ አሰረው።

"'እኔ ተሸክሜህ አልሄድሁም፤ የሄድኸው አንተ ነህ። ያንተ ነው' አለው" አለኝ አጎቴ። "ትንሽ ልጅ ነበርሁ፤ ግን አይቻለሁ። ሽማግሎቹ መረቁ። ከዚያ ወዲያ የፈረሱ ሆነ። ያ ፈረስ ሲሞት ለልጁ፣ ከዚያም ለልጅ ልጁ ወረደ። እነሆ።"

እጁን ዘርግቶ ከአጥሩ ላይ የልጓሙን ግንባር ማሰሪያ አነሣ፤ ቀዩን ዘርፍ ወደ ጎን ገለጠው። ከሥሩ፣ ጥቁር የሆነ፣ ጠርዙ የተበላ ክብ ነሐስ ተሰፍቶ ተቀምጧል። ዘውዱ በአውራ ጣቴ ተሰማኝ።

"ታዲያ ለአለቃው ለምን የለውም አሉ?"

"አለው ልበል? የሰጠውን? ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ?" አለ አጎቴ ተቆጥቶ። "የተሰጠ ነገር ተሰጥቷል። ደግሞስ፣ አባትህ አርበኛ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ ማን ነው? ሁላችሁም ስለ ብረቱ ነው የጠየቃችሁኝ!"

እናቴን ጠራኋት። ወንድሟ እንደገና ነገራት፣ በአገሩ ቋንቋ፣ በአውኛ። እሷም በአውኛ መለሰችለት። ተናዳ በፍጥነት ስትናገር ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው፤ ግን የሰማሁት ይበቃኝ ነበር። በየዓመቱ ጥር ሜዳው ዳር ተቀምጣ ለፈረሶቹ እልል ስትል፣ ያ ነገር ዓይኗ ሥር እየጋለበ ሲያልፍ፣ አንድ ቀን እንኳ አይነግራትም?

"ወንድምዓለም፣ ይኼን ሁሉ ዘመን!" አለችው በመጨረሻ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ።

"አልጠየቅሽኝም" አላት።

እናቴ መሳቅ ጀመረች። እየሳቀች ወደ ፈረሱ ሄደችና ግንባሯን ግንባሩ ላይ አስደገፈች። ፈረሱ ነጠላዋን አሸተተ። በጆሮው በአውኛ የሆነ ነገር ነገረችው፤ ምን እንዳለችው ስጠይቃት አጎቴ ቀድሞ፣ "ተያት። ፈረስ አማርኛ አይገባውም" አለኝ።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ፈረሱ አጊጦ ከደብሩ በር ውጭ ቆሞ ነበር። አለቃው መስቀላቸውን ይዘው ወጡ፤ ሰው ከበበ። አጎቴ ዘርፉን ገልጦ ያየውን ሁሉ ተናገረ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አለቃው ነሐሱን አላዩትም ማለት ይቻላል። አጎቴን ነበር የሚያዩት።

"ባለፈው ጥያቄውን አበላሽቼው ነበር" አሉ። "አሁን ስለ ሰውየው ልጠይቅህ። አባትህ አርበኛ ነበሩ?"

"ነበር" አለ አጎቴ።

"ይጻፍ።"

የአጎቴ ልጅ፣ ኒሻኑን ከፈረሱ ላይ አውርደን በመስተዋት ክፈፍ እናድርገው አለ። አጎቴ፣ "ፈረሱን አስፈቅደው" አለው። ሰው ሳቀ። ነገሩ ግን የእናቴ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቅ ነበርና ወደ እሷ ዞሩ። እናቴ ብዙ አላሰበችም።

"አባቴ የሰጠውን እኔ አልቀማም" አለች። "ደረቱ ባዶ ይሁን። ለምን ባዶ እንደ ሆነ አሁን አውቃለሁ።"

በዚያው ሳምንት ድንጋይ ጠራቢው መጣ። የምጽፈውን ጽፌ፣ ሁለቴ አንብቤ ሰጠሁት፦ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ማረፉን፣ አርበኛ የሚለውን፣ ከክርስቶስ ምሕረት እንዲያገኝ የምንለምንበትን። ስለ ኒሻን ምንም አልጻፍሁም፤ የለውምና።

እኔ ፈቃዴ አልቆ ድሬዳዋ ተመለስሁ። ፎቶው አሁን የእኔ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ ክፈፉን ሰፊ አድርጌ አሠራሁለት፤ በመካከሉ ያለውን ነጭ መስመር ግን አላስጠገንሁትም።

ባለፈው ጥር በፈረሱ በዓል ቀን እናቴ ከሜዳው ደወለችልኝ። ከኋላዋ ሆታው፣ የኮቴው ድምፅ፣ የሰው ጩኸት ይሰማል።

"አየሁት!" አለችኝ። "ከሁሉም ቀድሞ አለፈ!"

"ዓይንሽ ደክሟል ስትዪኝ?"

"ቢደክምስ? ቀዩን ዘርፍ አየሁ፤ ሥሩ ያለውን አውቀዋለሁ።" ቀጥላም፣ "ያቺም አጠገቤ ናት" አለች። ማንን እንዳለች አልጠየቅሁም፤ እንስራዋ የተሰበረባት ናት።

"ምን አልሻት?"

"ምን እላታለሁ? የእሷማ ዓይን ጭራሹን አያይም። ፈረሱ ሲያልፍ እጇን ይዤ፣ 'አሁን! አሁን እልል በዪ!' አልኋት።"

"እሷስ?"

"እልል አለች እንጂ! አሁን ዝጊው፤ ሌሎቹ መጡ፤ ለማጨብጨብ ሁለት እጅ ያስፈልገኛል።"